ለግጥም ቦታ የሚተው እጅ

የአጅባር ልጅ ነኝና ከደሴ ወደ ምዕራብ የሚወጣውን መንገድ በልጅነቴም በጉልምስናዬም ተመላልሼበታለሁ። ደጋው እየበረደ፣ ገብሱና ባሕር ዛፉ በጉም እየተዋጠ ሲመጣ መኪናው ውስጥ ያለው ወሬ ይቀንሳል። ያን ጊዜ ሾፌሩ ፍላሹን ይሰካል። የእኛ አገር ሾፌር ሙዚቃ ሲመርጥ ማሰብ ያለበት ብዙ ነው፤ ፊት ወንበር ላይ ሼህ፣ ከኋላቸው ቄስ፣ ከቄሱ ጎን ሠርግ የተጠሩ ወጣቶች ተሳፍረዋል። መንዙማ ቢከፍት አንዱ፣ መዝሙር ቢከፍት ሌላው፣ የጭፈራ ዘፈን ቢከፍት ሁለቱም ቅር ሊላቸው ይችላል። ስለዚህ ማንንም የማያስቀይመውን ይመርጣል፤ ክላሲካል ይከፍታል።

"ክላሲካል" ስንል ስለ ሞዛርትና ስለ ቤትሆቨን እያወራን እንዳልሆነ ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ድምፃዊ የሌለበት፣ በመሣሪያ ብቻ የተሠራ ዘፈን ሁሉ ለእኛ ክላሲካል ነው። ካፌ ውስጥ ከማኪያቶ ጋር፣ ሬዲዮ ላይ በዜናና በማስታወቂያ መሐል፣ ሠርግ ቤት ምግብ ሲነሳ የምንሰማው ነው። እንዲያውም "የምንሰማው" ማለቴ ስህተት ነው፤ እያወራንበት የሚያልፈው ነው።

አንድ ጊዜ በዚያው መንገድ እንዲህ ያለ ሙዚቃ ተከፍቶ ሳለ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ጸሎት የሚያደርሱ መስሎኝ ነበር። ጠጋ ብዬ ሳዳምጥ ግን አኮርዲዮኑ አንድ ሐረግ ተጫውቶ ሲያርፍ እሳቸው በዕረፍቱ ላይ ስንኝ ይጥሉበታል፤ አኮርዲዮኑ እንደገና ሲነሳ ዝም ይላሉ።

"እማማ፣ ዘፈኑን ያውቁታል እንዴ?" አልኳቸው።

"ዘፋኝ የለበትም የኔ ጌታ፤ ታዲያ ማን ይበልለት?" አሉኝ።

ሾፌሩን የማን ሙዚቃ እንደሆነ ስጠይቀው "ክላሲካል ነው" ብሎ መለሰልኝ። ቴፑ ላይ የሚነበበውም "ትራክ 05" የሚል ብቻ ነው። እኔ ግን እጁን ለይቼዋለሁ። ኃይሉ መርጊያ ነበር።

ስለዚህ እጅ መጻፍ የፈለግኩት ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። ስለ ዘፋኞቻችን ብዙ ተብሏል፤ ስለ ግጥምና ዜማ ደራሲዎችም እንዲሁ። አቀናባሪው ግን ቤቱን ሠርቶ ለባለቤቱ ቁልፍ አስረክቦ እንደሚሄድ ግንበኛ ነው። ቤቱ ሲመረቅ እሱ አይጠራም። ኃይሉን ከሌሎቹ የሚለየው ዘፋኙን ከቤቱ አስወጥቶ ግድግዳውን ብቻ እንድናይ ያደረገ መሆኑ ነው። (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።)

ኃይሉ በ1946 ደብረ ብርሃን ተወልዶ በአሥር ዓመቱ አዲስ አበባ ገባ። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ የጦር ሠራዊት ሙዚቃ ክፍልን ተቀላቅሎ ኖታ ማንበብ ተማረ፤ አኮርዲዮኑን ግን ራሱ ነው ያስተማረው። ከወታደር ቤት ከወጣ በኋላ ከክበብ ክበብ እየተዘዋወረ ሲጫወት ቆየ። ወታደር ቤት የሰጠው ኖታውን ነው። የምሽት ክበብ ደግሞ እንግዳን ማየት አስተማረው፤ ማን ሊጨፍር እንደመጣ፣ ማን ሊበላ፣ ማን ብቻውን ሊተክዝ።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዋልያስ ባንድ ተመሠረተ። ኃይሉ በኦርጋንና በኪቦርድ፣ ሞገስ ሀብቴ በሳክስፎን፣ ዮሐንስ ተኮላ በትራምፔት፣ ማሕሙድ አማን በጊታር፣ መላከ ገብሬ በቤዝ፣ ተማረ ሐረጉ በድራም፤ ፒያኒስቱና የዜማ ደራሲው ግርማ በየነም ከእነሱ ጋር። በ1969 በተከፈተው ሒልተን ሆቴል ለዓመታት የተጫወተው ይህ ባንድ ነው። ደርግ መጥቶ ሰዓት እላፊ ሲታወጅ አንዳንዱ ምሽት እስከ ንጋት ይዘልቅ ጀመር፤ እንግዳው ወደ ቤቱ መሄድ ስለማይችል በሩ ተዘግቶበት ያድራል፤ ባንዱም አብሮት።

የሆቴል ባንድ ሥራ ቀላል የሚመስለው ላልሠራው ነው። እራት ላይ ያለ ሰው ሙዚቃው ሲጮህበት ማንኪያውን ያስቀምጣል፤ ሲያንስበት ደግሞ የሹካውን ድምፅ ይሰማል። በሁለቱ መካከል ያለችው መስመር ቀጭን ናት፤ ሌሊቱን ሙሉ እሷ ላይ መሄድ ሙያ ነው። ፈረንጆቹ ዘንድም በዚህ ሙያ የከበሩ ሰዎች አሉ። ፈረንሳዊው ፖል ሞሪያ በ1968 አንድ የታወቀ ዘፈን ግጥሙን ትቶ በቫዮሊንና በትንፋሽ መሣሪያ አቀናብሮ በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጥቶበታል። ሞሪያ ግን ሙሉ ኦርኬስትራ ነበረው። የኃይሉ ቫዮሊኖች በሙሉ አንድ ኦርጋን ውስጥ ነበሩ።

ከዚያ ልምድ በ1977 "ቼ በለው" የተባለው ሸክላ ወጣ። ሙላቱ አስታጥቄ በቫይብራፎን ተጋብዞበታል። አልበሙ ውስጥ ያለውን የግርማ በየነን "ሙዚቃዊ ስልት" ያልሰማ ቢኖር ስሙን ስለማያውቀው እንጂ ጆሮው ላይ ሳያልፍ ቀርቶ አይመስለኝም። ቤዙና ኪቦርዱ አንዲት አጭር ሐረግ ይዘው ይሽከረከራሉ፤ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ከላይ መጥተው ዜማውን ይጥሉና ይመለሳሉ። ሁሉም ትንሽ ትንሽ ነው የሚለው። ማንም ሌላው ሲናገር አያቋርጥም። ሽማግሌዎች የተቀመጡበት ጉባኤ ይመስላል፤ ተራ ይጠበቃል፣ ነገር አይደገምም።

በነገራችን ላይ የዚህ የቅንብር ሙያ አባት የሚባለው ኔርሲስ ናልባንዲያን ያረፈው በዚያው በ1977 ነው። አጎቱ ኬቮርክ በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ካመጧቸው አርባ የአርመን ልጆች ጋር የመጣ የሙዚቃ መምህር ነበር። ኔርሲስም ቆይቶ ተከተለው፤ በ1955 በተከፈተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር ባንድ አሠልጥኗል፣ ቅንብር ጽፏል። ኔርሲስን እንቅልፍ የነሳው ጥያቄ የኛ ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ለባለ ሰባት ድምፅ በተሠራ ባንድ እንዴት ይጫወት የሚል ነበር። ጥያቄው ከሱ ጋር አልተቀበረም፤ እያንዳንዱ አቀናባሪ ወርሶታል። ኃይሉ እንዴት እንደመለሰው ለማየት ከወሎ የተሻለ ቦታ የለም።

ዋና ዋናዎቹ ቅኝቶቻችን አራት ናቸው፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ። ሁለቱ በወሎ ቦታዎች ስም የሚጠሩ ናቸው። ባቲ በሰኞ ገበያዋ የታወቀችው ከተማ ናት፤ አምባሰል ውጫሌ ያለችበት አገር ነው። አሁን የኃይሉን አልበሞች ደርድሩ። ከዳህላክ ባንድ ጋር በ1978 በሠራው "ወደ ሐረር ጉዞ" ውስጥ "ባቲ ባቲ" አለ። በ1985 ብቻውን በሠራው ካሴት ውስጥ "አምባሰል" አለ። በ2018 ባወጣው "ላላ በሉ" ውስጥ "ትዝታ" እና "አንቺሆዬ ለኔ" አሉ። አስቦበት ይሁን ሳያስበው፣ በአርባ ዓመት ውስጥ አራቱንም በር አንኳኩቷል።

በሮቹ ግን እኩል አይከፈቱም። ትዝታን እንውሰድ፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ከነዚህ ውስጥ ዶ፣ ሚና ሶልን በአንድ ላይ ብትጫኗቸው የፈረንጅ ኮርድ ሆነው ይቆማሉ። ዜማው ቤቱ ሲገባ፣ ማለትም ዶ ላይ ሲያርፍ፣ ከሥሩ የሚነጠፍለት ምንጣፍ ከቅኝቱ ውስጥ ይገኛል። ለአቀናባሪ ትዝታ ደግ ቅኝት ነው።

አምባሰል እንዲህ አይደለም። ዶ ይላል፤ ከዶ በግማሽ ድምፅ ብቻ ከፍ ያለውን ይነካል፤ ወደ ፋና ወደ ሶል ይዘላል፤ ከሶል በግማሽ ድምፅ ከፍ ያለውን ነክቶ ይመለሳል። ሚ የለም። ስለዚህ ዜማው ዶ ላይ አርፎ "ቤቴ ገባሁ" ሲል ከሥሩ የሚነጠፍ ሙሉ ኮርድ ቅኝቱ ውስጥ የለም። አንቺሆዬም ላይ ያው ነው። የአኮርዲዮን ግራ እጅ ደግሞ ቁልፎቹ ኮርድን አዘጋጅተው የሚሰጡ ናቸው፤ አንዱን ስትጫነው ሦስት ድምፅ ይዞ ይመጣል። የዶን ኮርድ በአምባሰል ላይ የተጫነ ሰው ያልተጠራ እንግዳ አስገባ ማለት ነው። አድማጩ ስሙን ባያውቀውም ሆዱ ያውቀዋል፤ "ይቺ አምባሰል አይደለችም" ይላል። ማሪቱ ለገሰ በድምጿ ያስለመደችን አምባሰል ደግሞ ማጭበርበር አይቻልባትም።

እንግዲህ ባለሙያው ምን ያድርግ? አንዱ መንገድ ከጎረቤት መበደር ነው፤ ዶ ላይ ኮርድ ባይገኝም ፋ ላይ የሚቆም አለ፤ ከዶ በግማሽ ድምፅ ከፍ ካለውም የሚነሳ አለ። ሌላው መንገድ ኮርዱን ጨርሶ መተው ነው። ቤዙ አንድ ነጠላ ድምፅ ይይዛል፣ ወይም ከቅኝቱ ድምፆች የተሠራች አጭር ሐረግ ይደጋግማል፤ ዜማው ከላይ ብቻውን ይሄዳል። የኃይሉ እጅ ወደዚህ ወደ መተው ያደላል። ኪቦርዱ ዜማውን ከሥሩ ደግፎ ከመቆም ይልቅ ዜማው ሲያርፍ ጠብቆ ይመልስለታል። በእኛ ማሲንቆ ላይም ያለው ይሄው ነው፤ ማሲንቆ ኮርድ አያውቅም። አንድ የጭራ ጅማት፣ አንድ ዜማ፣ ከሥሩ ዝምታ። አዝማሪው ስንኙን ይላል፣ ማሲንቆው ይደግመዋል፤ አድማጩም "ተቀበል!" ብሎ የራሱን ስንኝ ይሰጣል። ያ ክፍተት ባይኖር "ተቀበል" የሚባልበት ጊዜ አይገኝም ነበር።

በ1985 የወጣው ካሴት ይህን ሁሉ እርቃኑን ያሳያል። ግን መጀመሪያ እንዴት ብቻውን እንደቀረ ልናገር። ዋልያስ በ1981 ድምፃውያኑን ማሕሙድ አሕመድንና ጌታቸው ካሳን ይዞ አሜሪካ ለመጫወት ሄደ። ጉዞው ሲያበቃ ከባንዱ ግማሹ ተመለሰ፤ ኃይሉ፣ ሞገስ፣ መላከና ግርማ እዚያው ቀሩ። ኃይሉም በዋሽንግተን አካባቢ ከጓደኞቹ ጋር ዙላ ባንድ የሚል አቋቁሞ ለስደተኛው ወገኑ መጫወት ቀጠለ። በዚያ መሐል ኃይሉ ወደ አንዲት ትንሽ ስቱዲዮ ገብቶ አራት ነገሮችን ሰበሰበ፤ አኮርዲዮን፣ ሮድስ የተባለውን የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ያማሃ ዲ ኤክስ 7 እና የሪትም ማሽን። አንድም ሌላ ሙዚቀኛ አብሮት አልነበረም። "ሸሞንሟናዬ" የሚከፍተው ካሴት ከዚህ ወጣ። ስሙም "ኃይሉ መርጊያና ክላሲካል መሣሪያው" ተባለ። ፈረንጅ ያንን "ክላሲካል" ሲያነብ ግራ ይገባዋል፤ በእኛው መንገድ ላይ አቀስታ ሻይ የሚጠጣ ሰው ግን ወዲያው ይገባዋል።

እያንዳንዱ መሣሪያ ከምን እንደተሠራ ማየት ደግ ነው። አኮርዲዮን ትንፋሽ ነው፤ ወናፉ ተስቦ አየር ሲገባ ስስ የብረት ምላሶች ይርገበገባሉ። ለአንድ ድምፅ ሁለት ምላስ ተመድቦ በጥቂቱ እንዳይገጣጠሙ ተደርገው የተቃኙ እንደሆነ ድምፁ ይንቀጠቀጣል፤ የሚያለቅስ ሰው ጉሮሮ ይመስላል። ሮድስ ብረት ነው፤ መዶሻ ቀጭን የብረት ዘንግ ይመታል፤ ሲነኩት ለስላሳ ሲመቱት ቆጣ ይላል። ዲ ኤክስ 7 በ1983 ገበያ የወጣ፣ ድምፅን በስሌት የሚያበጅ መሣሪያ ነው፤ እንደ ብርጭቆ ጥርት ይላል። የሪትም ማሽኑ ደግሞ አይደክምም፣ አይሳሳትም፣ አያዝንም። ትንፋሽ፣ ብረት፣ ብርጭቆና ማሽን። በዚያ ዘመን ባንዶቻችን ወደ ሲንተሳይዘር ሲያዘነብሉ አኮርዲዮን የአባቶች ዕቃ ተብሎ ጥግ ይዞ ነበር። ኃይሉ ከጥግ አንስቶ ከአዲሱ ጋር አንድ ገበታ ላይ አስቀመጠው። የኛ አገር ሴት አዲስ ኩባያ ስትገዛ አሮጌውን ጀበና እንደማትጥለው ነው።

"ወገኔ" በሁለቱም ሥራዎቹ አለ፤ በ1977ቱም በ1985ቱም። ሁለቱን አከታትሎ መስማት የቅንብር ትምህርት ነው። በፊተኛው ሳክስፎንና ትራምፔት፣ ጊታርና ድራም አለ፤ ኃይሉ ከብዙ ሰው አንዱ ነው። በኋለኛው እነዚያ ሰዎች ሁሉ ሄደዋል፤ ይናገሩት የነበረውን የሚናገረው የአንድ ሰው አሥር ጣት ነው። ባንዱ ሲቀንስ ግን ዘፈኑ አልቀነሰም። ሌላ ሰው ቢሆን ብቸኝነቱ እንዳይታወቅበት ሁሉንም ክፍተት በድምፅ ይሞላው ነበር። እሱ ክፍተቱን እንዳለ ተወው። ሸማኔ እንደሚያውቀው ጥበብ የሚያምረው ዙሪያው ነጭ ሆኖ ሲቀር ነው፤ ነጩን ሁሉ በቀለም የሞላ ሸማኔ ነጠላውን ምንጣፍ አደረገው ማለት ነው።

መተው በዚያ ዘመን ሌላም ትርጉም ነበረው። በደርግ ጊዜ የዘፈን ግጥም ለሳንሱር ይቀርብ ነበር። ቃል የሌለው ዘፈን ደግሞ የሚቀርብ ወረቀት የለውም። ዜማውን የሚያውቅ አድማጭ ግን ቃሉን በሆዱ ይዞታል፤ ማንም ሊሰርዝበት አይችልም። ኃይሉ ይህን አስቦ ነው የሠራው አልልም። በሰምና ወርቅ ያደገ ሕዝብ ግን ዝምታን ማንበብ ይችልበታል፤ አጠገቤ የተቀመጡት እናትም የሚያደርጉት ይህንኑ ነበር። የእኛ የዘፈን ስንኝ አብዛኛው የወል ቤት ነው፤ ስድስትና ስድስት ቀለም ሆኖ መሐሉ ላይ ያርፋል። አኮርዲዮኑ ለስንኙ የሚበቃ ዕረፍት ከሰጠ፣ ማንኛዋም የወሎ ሴት ግጥሙን ከራሷ ታወጣለች።

ይህ ሁሉ ሲባል ጉድለቱን ዝም ብዬ አላልፍም፤ ሙያን የሚያከብር ሰው እንከኑንም ያያል። የ1985ቱ ሪትም ማሽን ደረቅ ነው። ሰው ድራም ሲመታ ዘፈኑ ሲግል ሳያውቀው ትንሽ ይፈጥናል፣ ሲያዝን ትንሽ ይጎተታል፤ የእስክስታ ትከሻም የሚነሳው በዚያች በምትጎተተዋ ላይ ነው። ማሽኑ ይህን አያውቅም። አኮርዲዮንም ከማሲንቆ ጋር ሲወዳደር አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ ማሲንቆ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ይንሸራተታል፣ አኮርዲዮን ግን ደረጃ ለደረጃ ይረግጣል። ኃይሉ ይህን የሚሸፍነው በጣቱ ነው። ወደ ዋናው ድምፅ ከመድረሱ በፊት ጎረቤቱን በጥቂቱ ነክቶ ያልፋል፤ ጆሮ ያንን እንደ መንሸራተት ይቀበለዋል። ጉድለቱ አልጠፋም፤ ጌጥ ሆነ እንጂ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ብዙ ጊዜ ስለተነገረ አላረዝመውም። ዙላ ባንድ እስከ 1991 ቆየ። ኃይሉ ታክሲ መንዳት ጀመረ፤ በዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ወረፋ ሲጠብቅ ከመኪናው ዕቃ መጫኛ ትንሽ ኪቦርድ አውጥቶ በባትሪ ይለማመድ ነበር። ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ የ1985ቱን ካሴት ባሕር ዳር ላይ ገዝቶ ሰማው፤ ባለቤቱንም ፈልጎ አገኘው። ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ በተባለው አሳታሚ ድርጅቱ በ2013 እንደገና አሳተመው። "ቼ በለው" በ2014፣ "ወደ ሐረር ጉዞ" በ2016 ተከተሉ። ሰውየው ሰባ ሊሞላው ሲል የዓለም መድረክ ላይ ወጣ።

ጋዜጦች "የታክሲ ሾፌሩ ሙዚቀኛ" እያሉ ጻፉለት። እኔን ግን የሚገርመኝ ታክሲው አይደለም። የሚገርመኝ ልምምዱ ነው። አድማጭ የለም፣ ባንድ የለም፣ ውል የለም፤ እሱ ግን ጣቱን አላሳረፈም። ገበሬ ዝናብ ዘገየ ብሎ ሞፈሩን አይጥልም።

ፍሬው በ2018 "ላላ በሉ" ላይ ታየ። አብረውት ያሉት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ቶኒ በክ በድራም፣ ማይክ ማይኮውስኪ በቤዝ። አልበሙ የሚጀምረው አሥር ደቂቃ ግድም በሚፈጅ "ትዝታ" ነው። የሒልተን እንግዳ አሥር ደቂቃ ትዝታ ይታገሥ እንደነበር እንጃ፤ የዛሬው አድማጭ ግን ቆሞ ይሰማል። የ1985ቱ ማሽን ያጣው ነገር እዚህ ተመልሷል፤ ድራመኛው ሰው ነውና ይጎተታል፣ ይፈጥናል። አልበሙ የሚዘጋው "የፍቅር እንጉርጉሮ" በሚል ብቸኛ የፒያኖ ሥራ ነው። ከብዙ ሰው ባንድ ጀምሮ፣ ብቻውን ሆኖ፣ ሦስት ሆኖ፣ መጨረሻ ላይ አንድ ሰውና አንድ ፒያኖ። በ2020 "የኔ ምርጫ" ሲወጣ ደግሞ የድሮው ጓደኛው ሞገስ ሀብቴ ሳክስፎኑን ይዞ ተመልሶ ነበር፤ ማሲንቆም ገብቶበታል። በ2023 የወጣው ሥራው ደግሞ በ2016 ኒውዮርክ ብሩክሊን ውስጥ በሕዝብ ፊት የተቀዳ ነው።

ሙያው በአንድ ቃል ይጠቅለል ከተባለ ቃሉ መተው ነው። ዘፋኙን ተወ፣ ኮርዱን ተወ፣ የሚሞላውን ክፍተት ተወ። ግን ለማን እንደሚተው ያውቃል። ባዶ ያደረገው ወንበር ሁሉ የአድማጩ ነው። አብዛኛው የዛሬ ቅንብራችን ይህን ወንበር ነስቶናል፤ ኪቦርዱ፣ ከበሮው፣ ኮረሱ ሁሉንም ሰከንድ ይይዛሉ፤ ሰው ስንኙን የሚጥልበት አንድ ስንዝር ቦታ አያገኝም። ጥሩ ሙዚቃ መሆኑን አልክድም። ከንፈር የሚያንቀሳቅስ እናት ግን አያፈራም።

ያን ቀን መካነ ሰላም ስንደርስ ወርጄ ወደ ሾፌሩ መስኮት ሄድኩና የሙዚቀኛውን ስም ነገርኩት። "አብሽር፣ እጽፍበታለሁ" አለኝ። ይጻፍበት አይጻፍበት አላውቅም። እናንተ ግን ቤታችሁ፣ ስልካችሁ ወይም ፍላሻችሁ ላይ ስሙ የጠፋ ክላሲካል ካለ ጊዜ ወስዳችሁ የማን እንደሆነ አጣሩ፤ "ትራክ 05" የሚለውን አጥፉና የሠራውን ሰው ስም ጻፉበት። የኃይሉ መርጊያ ከሆነ ደግሞ ወሬውን ለጥቂት ደቂቃ አቁሙና አኮርዲዮኑ ሲያርፍ ጠብቁ። ያ ዕረፍት ለእናንተ የተተወ ነው።